ትልቁ መርከብ፣ ናይል ወይስ ጣና? የመርከብ ሽርሽር ለሚያማርጡ የጎጃም ቤተሰቦች

ውጭ ሀገር ልጅ ያለው ቤት አሁን አሁን አንድ ወሬ አያጣም። ልጆቹ ይደውሉና «ዘንድሮ እማዬንና አባዬን ክሩዝ እንወስዳቸዋለን» ይላሉ። እናት ደግሞ ደብረ ማርቆስ ወይ ዳንግላ ቁጭ ብለው «ሳምንት ሙሉ ውኃ ላይ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከደንገል ታንኳ እስከ ትልልቆቹ የባሕር መርከቦች ድረስ ተሳፍሬአለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል።

አማራጩ ሦስት ነው። ሰው በሺዎች የሚጭነው የባሕር መርከብ አለ። ግብፅ ውስጥ ሉክሶርና አስዋን መካከል የሚመላለሰው የናይል መርከብ አለ። ሦስተኛው ብዙ ሰው ከቁጥር የማያስገባው፣ ደጃችን ያለው የጣና ጀልባ ነው።

ብዙ ሰው ማማረጥ የሚጀምረው «የትኛው መርከብ ብዙ ነጻ ነገር ይሰጣል?» ብሎ ነው። ነጻ መጠጥ፣ ነጻ ዋይፋይ፣ ለብቻ ሰልፍ። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ከማን ጋር ነው የምትሄዱት? ይህ ከታወቀ መርከቡ ራሱን በራሱ ይመርጣል። ጥቅማጥቅሙ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ከሆናችሁ ትልቁን መርከብ ያዙ። ልጆቹ የልጆች ክፍል ይውላሉ፣ ወጣቶቹ መዋኛው ጋ፣ አያት ጥላ ሥር። ማታ ሁሉም አንድ ገበታ ላይ ይገናኛል። አባትና እናት ብቻቸውን ወይም ከአንድ ልጅ ጋር ከሆኑ ናይልን አስቡ። ጊዜውም ገንዘቡም አጭር ከሆነ ጣና አለላችሁ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ። አብዛኞቹ ድርጅቶች ለአንድ ሰው የሁለት ሰው ሂሳብ ያስከፍላሉ። ኖርዌጂያን የተባለው ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ኤፒክ በሚባለው መርከቡ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠሩ ትንንሽ ክፍሎች ጀምሯል። ሌሎችም ተከትለውታል፤ ግን ቶሎ ያልቃሉ።

ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ሳትከፍሉ በፊት ቁጠሩ። አብዛኞቹ የባሕር መርከቦች ጉዞው ሳያልቅ 24ኛ ሳምንቷ የሚገባን ሴት አያሳፍሩም። ሕፃንም ስድስት ወር ሳይሞላው አይቀበሉም።

ስለ ትልቁ መርከብ

ትልቅ ስል ምን ያህል እንደሆነ ልንገራችሁ። ሮያል ካሪቢያን የተባለው ድርጅት በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ያስጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 365 ሜትር ይረዝማል። ፎቁ 20 ነው። ሲሞላ ከሠራተኞቹ ውጭ እስከ 7,600 መንገደኛ ይይዛል። አንድ የወረዳ ከተማ ተነቅሎ ውኃ ላይ ተቀመጠ በሉት። የበረዶ መንሸራተቻ፣ የውኃ መንሸራተቻ፣ ቲያትር፣ ከሃያ በላይ የመብያ ቦታ አለው። ልጆች ያብዳሉ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ግን ከክፍላቸው እስከ ቁርስ ቤት ድረስ ያለው ኮሪደር አያልቅላቸውም። ትልቁን ከመረጣችሁ ክፍሉ ከአሳንሰር አጠገብ ይሁን። ድርጅቶቹ አነስ ያሉና ቆየት ያሉ መርከቦችም አሏቸው። ዋጋቸው ይቀንሳል፣ ግርግራቸውም እንደዚያው። ልጅ ከሌለ እኔ እነሱን እመርጣለሁ።

ክፍሉ አራት ዓይነት ነው። መስኮት የሌለው፣ መስኮት ያለው፣ በረንዳ ያለውና ሰፊው ስዊት። ሁሉም ሰው በረንዳ በረንዳ ይላል። እውነቱን ለመናገር በየቀኑ ወደብ የሚነካ ጉዞ ላይ በረንዳው ባዶውን ይውላል። ጠዋት ትወጣላችሁ፣ ማታ ደክሟችሁ ትተኛላችሁ። መስኮት የሌለው ክፍል ጨለማ ነው፤ ሌሊት ሆነ ቀን አይታወቅም። እንቅልፍ ግን ግሩም ነው። ለወጣት ይበቃል። ለወላጅ ግን በረንዳውን ክፈሉ። ጠዋት ተነሥተው ፀሐይ ወዴት እንደወጣች ሳያዩ ጸሎት የሚያደርጉ እናት ቀኑን ሙሉ ቅር ይላቸዋል። በዚያ ላይ ወደብ ለወደብ መዞር የማይችል ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው እዚያው በረንዳ ላይ ነው።

ቦታውም ከዓይነቱ እኩል ያስፈልጋል። መሐልና ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ መናወጡ ያንሳል። ከመዋኛው ፎቅ ሥር ያለውን ክፍል ግን እንዳትወስዱ። ገና ጎሕ ሳይቀድ ሠራተኞቹ ወንበር እየጎተቱ ሲደረድሩ ራሳችሁ ላይ ይመስላችኋል። የመርከቡ ካርታ ኢንተርኔት ላይ አለ። ከክፍላችሁ በላይና በታች ምን እንዳለ ሳታዩ አትክፈሉ። «ክፍሉን እኛ እንመርጥላችኋለን» ብለው ዋጋ የሚቀንሱበት አማራጭም አለ። ለባልና ሚስት ጥሩ ነው። ወላጅ ጎን ለጎን ክፍል ይዞ እንዲያድር ከፈለጋችሁ ግን ተዉት፤ እናንተ የመርከቡ ፊት ጫፍ፣ እነሱ ኋላ ጫፍ ሊደርሳቸው ይችላል።

ዋጋው ውስጥ ያለውና የሌለው

ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ ለአንድ ሰው ነው፤ ያውም ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ። ውስጡ መኝታ፣ ዋናው ምግብ ቤትና ቡፌው፣ ትርኢቱና መዋኛው አለ። የወደብ ክፍያና ግብር ብዙ ጊዜ ኋላ ይደመራል። ለስላሳ፣ ቢራ፣ ማኪያቶ፣ ዋይፋይ፣ ወደብ ላይ የሚደረግ ጉብኝት፣ ለየት ያሉት ምግብ ቤቶች ሁሉ ለብቻ ናቸው።

ቲፕ ደግሞ ሳትጠየቁ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ከሂሳባችሁ ላይ ይነሣል። ትልልቆቹ ድርጅቶች ላይ ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። በ18 እናስላው። አራት ሰው ሰባት ሌሊት ቢያድር 504 ዶላር ይሆናል። ልጅም ብዙ ጊዜ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ይህን ሳያስቡ የመጡ ሰዎች በመጨረሻው ሌሊት ሂሳቡ በር ሥር ሲገባላቸው ፊታቸው ይለወጣል።

የመጠጥ ፓኬጅ የሚባለው፣ በቀን የተወሰነ ከፍሎ ነጠላ ሳይከፍሉ መጠጣት፣ ላይ ረጋ በሉ። ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል የተባለው ሌላ ድርጅት ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ካሉት አንዱ አዋቂ የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ ሌላውም አዋቂ መግዛት አለበት። ስለዚህ ጋሼ ቢራ ስለሚወዱ በዓመት አንድ ብርሌ ጠጅ የማይጨርሱት እትዬም ከፈሉ ማለት ነው። ካርኒቫል ላይ ፓኬጁ በቀን 15 የአልኮል መጠጥ ላይ ይቆማል። አሥራ አምስት! የሚሞላው ሰው ካለ ሐኪም ይይ። ለተራ ሰው ስሌቱ ቀላል ነው። በቀን ስድስት የሚሆን የአልኮል መጠጥ ካልጠጣችሁ፣ ያውም በየቀኑ፣ ነጠላ እየከፈላችሁ መጠጣት ይረክሳል። ወደብ ላይ የምትውሉበት ቀን ደግሞ መርከቡ ላይ ምኑን ትጠጣላችሁ? ውኃ፣ ሻይ፣ የሎሚ ጭማቂና ተራው ቡና በነጻ ነው። ተራው ቡና ቀጭን ነው። ዘጌ ቡና የለመደ ሰው ውኃ ቀለም ገባበት ይላል። አንድ ኤስፕሬሶ በጠዋት ገዝታችሁ ቀኑን ጀምሩ።

ዋይፋይ አሁን በብዙ መርከቦች ላይ ስታርሊንክ በሚባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ነው፤ የቪዲዮ ጥሪ ይሠራል። ከመሳፈራችሁ በፊት ከገዛችሁት ይቀንሳል። የአንድ ስልክ ፓኬጅ ገዝታችሁ ተራ በተራ መጠቀም ትችላላችሁ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። አንድ ነገር ብቻ እንዳትረሱ። የሁሉንም ሰው ስልክ አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ። መርከቡ የራሱ የሞባይል ኔትወርክ አለው። ስልኩ ሳታስቡት ከተያያዘበት ሂሳቡ ያስደነግጣል።

አሁን ወደተወራለት ጥቅማጥቅም ልምጣ። እያንዳንዱ ድርጅት የአባልነት ደረጃ አለው። ሮያል ካሪቢያን ላይ አንድ ሌሊት አንድ ነጥብ ነው፤ ስዊት ከያዛችሁ ሁለት። ዳይመንድ ለሚባለው ደረጃ 80 ነጥብ ያስፈልጋል። እዚያ ስትደርሱ በቀን አራት ነጻ መጠጥ ታገኛላችሁ። ሰማንያ ሌሊት ማለት የሳምንት ሳምንት ጉዞ አሥራ ሁለት ጊዜ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ገንዘብ ባሕር ዳር ላይ ስንት ዓመት ቢራ ይጠጣል! ደረጃ ለመሙላት ብሎ መርከብ የሚመርጥ ሰው ለድርጅቱ እየሠራ ነው። ነጥቡ ከተጠራቀመ እሰየው፤ ካልተጠራቀመ ግን ምንም አልቀረባችሁም።

ያም ሆኖ ሳትለፉ የምታገኙት አለ። ኤምኤስሲ የተባለው ድርጅት በሌላ መርከብ ወይም በትልልቅ ሆቴሎች ያላችሁን የአባልነት ደረጃ አይቶ ተመጣጣኝ ደረጃ ሲሰጥ ቆይቷል። ውጭ ያለው ልጃችሁ ለሥራ ሆቴል ለሆቴል የሚዞር ከሆነ ይሞክረው። ከጥቅሞቹ ሁሉ እኔ የምወደው ግን የሚጠጣውን አይደለም። ቀድሞ የመግባትና ቀድሞ የመውረድ መብት ነው። ስድሳና ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰዎች ወደብ ላይ ሰልፍ እንዳይቆሙ የሚያደርግ ነገር ቢከፈልበትም አይቆጭም። ለአረጋውያን ደግሞ ደረጃም ባይኖራችሁ ተሽከርካሪ ወንበር ቀድማችሁ ከጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ይዘጋጃል።

መርከቡ ላይ የሚወጣ ገንዘብ በስጦታ ከሰጧችሁ እዚያው ጨርሱት፤ ብዙ ጊዜ ወደ ኪስ አይመለስም። ቁማር ቤቱ ከሸለማችሁ «ነጻ ጉዞ» ደግሞ ሽሹ። ሂሳቡን ቁማር ቤቱ ያውቃል።

ሁሉም ነገር ዋጋው ውስጥ ይግባ የምትሉ ከሆነ ሌላ ዓይነት መርከብ አለ። ቫይኪንግ የባሕር መርከቦቹ ላይ ዋይፋዩን፣ ከምሳና ከራት ጋር ቢራና ወይኑን፣ በየወደቡ አንድ ጉብኝት ዋጋው ውስጥ ያስገባል። ከ18 ዓመት በታች አያሳፍርም። ቁማር ቤትም የለውም። ዋጋው ሲታይ ውድ ነው። ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ደምራችሁ ስታወዳድሩት ልዩነቱ ይጠባል። ጫጫታ ለማይወዱ ወላጆች ይስማማል።

ሻንጣ ውስጥ ምን ይገባል

ወደ መርከብ ስትገቡ ሻንጣው እንደ ኤርፖርት በማሽን ያልፋል። አንዲት የደብረ ማርቆስ እናት ከፊቴ ተይዘው አይቻለሁ። ከሻንጣቸው መጀመሪያ ጧፍ ወጣ። ቀጥሎ በጨርቅ የተቋጠረ ዕጣን። ከዚያ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና በነጠላ የተጠቀለለ ጀበና። ጥበቃው አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው። ልጃቸው እንግሊዝኛውን ይደረድራል። እሳቸው «ልጄ፣ ለጸሎት ነው በለው» ይላሉ። ጀበናው ብቻ ተመለሰላቸው።

ምክንያቱ እሳት ነው። መርከብ ላይ ሻማ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ምድጃ፣ ካውያ ክልክል ነው። ድርጅቶቹ ሁሉ በዚህ ላይ አይደራደሩም። አረቄም ይያዛል። ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ታሽጎ የተዘጋጀ ቆሎ ግን ያልፋል። ወደብ ላይ ይዛችሁ አትውረዱ እንጂ፤ ብዙ ሀገር ምግብ ማስገባት ያስቀጣል።

ጾመኛ ከሆናችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት በጽሑፍ አሳውቁ። የመጀመሪያው ማታ ዋናው ምግብ ቤት ሄዳችሁ አስተናጋጁን ያዙት። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም በሉት። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ በየማታው የነገውን ይጠይቃችኋል። ቡፌው ላይ ግን ማንኪያው ከሳህን ሳህን ይዞራል። እጅ በሳሙና ታጠቡ፤ መርከብ ላይ ሆድ የሚያውክ በሽታ ሲገባ ቶሎ ይዛመታል።

ናይል

የናይል መርከብ ሌላ ዓለም ነው። ከሉክሶር አስዋን ድረስ ያለው ውኃ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከሉክሶር ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሌሊት፣ ከአስዋን ሲነሣ ሦስት ሌሊት ይፈጃል። ኢስና ላይ መርከቡ በውኃ በር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያልፋል። ኤድፉ ላይ የሆረስ ቤተ መቅደስ አለ። ኮም ኦምቦ ላይ የአዞው አምላክ የሶቤክ። ማዕበል የለም። ሁልጊዜ ሁለቱ ዳር ይታያል። የሚያርስ ሰው፣ አህያ፣ ተምር። ለገበሬ ልጅ ከዚህ የበለጠ ትርኢት የለም። አባቶች በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው «ይኼ ማሳ ጤፍ ቢዘራበት…» ሲሉ ይውላሉ።

ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደግሞ የእኛው ዓባይ ነው። መርከቡ ላይ «ከየት ናችሁ?» ሲባል «ጎጃም፣ ዓባይ የሚነሣበት» ብትሉ ወሬው ወደ ግድቡ መሄዱ አይቀርም። በተለይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ። ስቃችሁ እለፉት። ለሽርሽር ነው የሄዳችሁት።

መርከቦቹ አነስተኛ ናቸው። ምግቡና አስጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ውስጥ አለ፤ መጠጡ የለም። የቤተ መቅደሶቹ መግቢያ ተጨምሮ እንደሆነ ግን ጠይቁ፤ እዚያ ላይ ነው ዋጋው የሚለያየው። ማታ መርከቦቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይቆማሉ። መስኮታችሁን ስትከፍቱ የሌላ መርከብ ክፍል ፊት ለፊት ይመጣባችኋል። እናንተም የሌላ መርከብ እንግዳ መቀበያን አቋርጣችሁ ነው ወደ መሬት የምትወርዱት። ይህን የማይወድ ሰው ዳሃቢያ የሚባለውን በሸራ የሚሄድ ጀልባ ይያዝ። ስድስት እስከ አሥር ክፍል ቢኖረው ነው። ትልልቆቹ የማይቆሙበት መንደር ይቆማል። አንድ ቤተሰብ ሙሉውን ሊከራየው ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሦስቱም አማራጭ ለወላጅ የምመርጠው እሱን ነው።

ጾም ላይ ግብፅ ትቀላለች። የቅብጥ ክርስቲያኖች ስላሉ ምግብ አብሳዮቹ ያውቁታል። «ሲያሚ» ብላችሁ ጠይቁ። ፉል፣ ኮሸሪ፣ ጠዐሚያ ይመጣል። ቅብጦች በአንዳንድ ጾም ዓሣ ይበላሉ፤ ስለዚህ ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ኤድፉ ላይ ወደ ቤተ መቅደሱ በጋሪ ትወሰዳላችሁ። ዋጋውን ሳትወጡ በፊት ጨርሱ፤ ቲፑንም ጨምራችሁ።

ጣና

ጣና ላይ ነጻ መጠጥ የለም፤ ትርኢትም የለም። ለአንድ ቀን ግን ከእሱ የሚሻል አላውቅም። ጀልባ የሚከራየው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን ሙሉውን ነው። ሰው በሞላ ቁጥር ይረክሳል። የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻ ነው፤ ዝርዝር ብር ያዙ። ጠዋት በማለዳ ውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ሐይቁም ይናወጣል። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ሰው መኖሩን ቆጥራችሁ ተሳፈሩ። «ችግር የለውም ጋሼ» የሚል ባለ ጀልባ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የት እንደምትሄዱ የሚወስነው አሁንም አብሯችሁ ያለው ሰው ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እናታችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጀልባ ላይ አታስቀምጧቸው። ዘጌ ይሻላል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ሙሉ ሥዕል ነው። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በቡናው ጥላ ሥር በእግር ነው፤ ቀስ ብለው ይወጡታል። መንገድ ላይ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አሉ፤ ቁጭ በሉና ጠጡ። ናርጋ ሥላሴ ሩቅ ነው፣ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ምግብ ይዛችሁ ውጡ፤ ጀልባው ላይ ምንም አይሸጥም።

ጣና ሌላም ጥቅም አለው። ለባሕር መርከብ ከመክፈላችሁ በፊት መሞከሪያ ነው። የሚሄዱትን ሰዎች ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ዳር ዳሩን አንድ ሰዓት አዙሯቸው። ያቅለሸለሻቸው ሰው ካለ ናይልን ያዙ ወይም ሐኪም አማክራችሁ መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። ትልቅ መርከብ ማረጋጊያ ስላለው ብዙ አያናውጥም፤ ግን ሰው ከሰው ይለያያል።

የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ከመነሣታችሁ በፊት ባሕር ዳር ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ከሩቅ ሆኖ መገመት አይቻልም።

መቼ

ይህን የመርከብ ድርጅቶቹ አይነግሯችሁም፤ የእኛ የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው ያለው። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ጾም የላቸውም፤ ረቡዕና ዓርብም ጭምር። ብዙ ዓመት ይህ ጊዜ ግንቦትን ይይዛል። ግንቦት ላይ ሜዲትራኒያን አየሩ ለስላሳ ነው። የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ገና ስላልተዘጉ ዋጋውም ከሐምሌና ነሐሴ ይቀንሳል። ለወላጅ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

መስመሩን ደግሞ ወደ ምሥራቅ አድርጉት። ከአቴንስ አካባቢ ተነሥተው ፍጥሞን የሚነኩ መርከቦች አሉ። ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ። ኩሻዳሲ የተባለው የቱርክ ወደብ ላይ ወርዳችሁ ደግሞ ኤፌሶን ትደርሳላችሁ። ሴለስቲያል የሚባለው የግሪክ ድርጅት አነስተኛ መርከቦች ሦስትና አራት ሌሊት የሚሆኑ አጫጭር ጉዞዎች በዚህ በኩል ያደርጋሉ። መርከቡ ላይ ምን ነጻ አለ ብለው ያልጠየቁ እናቶች ፍጥሞ ሲባል ዓይናቸው ይበራል። ወደቡ ግን በየጉዞው ስለሚለያይ መስመሩን አንብባችሁ ክፈሉ።

ለናይል ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ጥሩ ነው። ሙቀቱ በርዷል፣ የነቢያት ጾም ገና አልገባም። ክረምት ላይ አስዋን ከ40 ዲግሪ በላይ ስለምትግል አይሞከርም። ከዱባይ የሚነሡት የባሕር መርከቦች ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው የሚሠሩት። ካሪቢያን ከሰኔ እስከ ኅዳር ርካሽ ሆኖ ካያችሁት ምክንያቱ የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ነው።

ቪዛና ሰዓት

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ ሰው ቪዛው ከመርከቡ ይቀድማል። መርከቡ የሚነካቸውን ሀገሮች ሁሉ ቁጠሩ። ከግሪክ ወጥቶ ቱርክ ነክቶ ግሪክ የሚመለስ ጉዞ ላይ ደጋግሞ የሚያስገባ ሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ የቱርኩንም ለብቻው ጠይቁ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ የመጣን ሰው መርከቡ ከወደቡ ይመልሰዋል፤ ገንዘቡም አይመለስም። ለግብፅም ቪዛውን ከዚሁ ጨርሳችሁ ሂዱ። ቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከነአባትና አያት ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሁን።

መርከቡ በሚነሣበት ቀን አትብረሩ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ውጭ፤ አንዱ በረራ ከዘገየ ሁሉም ይፈርሳል። ሁለት ቀን ቀደም በሉ። የሕክምና ኢንሹራንስም ግዙ። የመርከብ ላይ ሐኪም አለ፤ ሂሳቡ ግን በዶላር ነው።

ወደብ ላይ በግላችሁ መዞር ከድርጅቱ ጉብኝት ይረክሳል። ከተማው ቅርብ ከሆነ እኔ በግሌ ነው የምዞረው። ለሮም የሚቆመው ግን ቺቪታቬኪያ ላይ ነው፤ ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል። እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ የድርጅቱን ጉብኝት ግዙ። የእነሱ አውቶቡስ ከዘገየ መርከቡ ይጠብቃል። እናንተ ከዘገያችሁ አይጠብቅም።

የመመለሻው ሰዓት በየቀኑ ፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። 10፡30 ከጠዋት ከተባለ በእኛ ረፋዱ 4፡30 ነው። 10፡30 የምትለዋን ብቻ ይዘው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ወደብ የሚደርሱ ሰዎች ባሕሩን ብቻ ነው የሚያገኙት። የመርከቡ ሰዓትና የወደቡ ሀገር ሰዓትም አንዳንዴ ይለያያል፤ የሚቆጠረው የመርከቡ ነው። ስለዚህ ወላጅ በሚያስረው ሰዓት ላይ የመመለሻውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ጻፉላቸው። ከወረቀቱ ላይ የወደብ ወኪሉን ስልክ ፎቶ አንሡ። የፓስፖርታቸውንም ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ።